በከተማ ወፎችንና ትናንሽ እንስሳትን ከጥፋት መታደግ

ከተማ ውስጥ ወፍ መርዳት ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እፍኝ ጥሬ ወይም የተረፈ ዳቦ መበተን ነው። ከእርዳታ ዓይነቶች ሁሉ ብዙም ጥቅም የሌለው ግን ምናልባት ይኸው ነው። የከተማን ወፍ ከረሃብ ይልቅ የሚፈጁት መስታወት፣ የሌሊት መብራት፣ ድመት፣ የአይጥ መርዝና የጎጆ ቦታ ማጣት ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መስታወት ለወፍ ግድግዳ አይደለም። ከበስተጀርባው ያለውን ካሳያት ክፍት መንገድ ይመስላታል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ዛፍና ሰማይ መልሶ ካሳያትም እውነተኛ ዛፍና ሰማይ ነው ብላ በሙሉ ፍጥነቷ ትመጣለች። በአሜሪካ ብቻ በዚህ መንገድ በየዓመቱ ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች እንደሚሞቱ በ2014 የታተመ ጥናት ገምቷል። በዚሁ ጥናት የሚያስገርመው ሌላ ቁጥር አለ፦ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። የቀረው ሁሉ የሚሞተው በመኖሪያ ቤቶችና ጥቂት ፎቅ ባላቸው ሕንፃዎች ነው። እያንዳንዱ ቤት የሚገድለው ጥቂት ቢሆንም ቤቶቹ እጅግ ብዙ ናቸውና። ኒው ዮርክ በ2019 መጨረሻ ያጸደቀችው ሕግ አዳዲስ ሕንፃዎች ከመሬት እስከ 23 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ወፍ ሊለየው የሚችል መስታወት እንዲጠቀሙ የሚያስገድደው፣ ወፎች በብዛት የሚመላለሱት ዛፎች በሚደርሱበት በዚህ ከፍታ ስለሆነ ነው።

መስኮት ላይ አንድ የጭልፊት ምስል መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እምብዛም አይጠቅምም። ወፏ ምስሉን ሸሽታ ከጎኑ ካለው ባዶ መስታወት ጋር ትላተማለች። የሚሠራው መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ነጠብጣብ ወይም መስመር ነው፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም ከ5 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ክፍተቱ ከዚያ ከሰፋ ትናንሾቹ ወፎች ሾልከው ለማለፍ ይሞክራሉ። ምልክቱ መሆን ያለበት ከውጭ በኩል ነው፤ ከውስጥ ከሆነ ነጸብራቁ ይሸፍነዋል። የግድ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ በደረቅ ሳሙና የተሠመረ መስመርም ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ያገለግላል።

የመስታወቱን ጉዳት የሚያባብሰው ደግሞ መብራት ነው። ከቦታ ቦታ የሚፈልሱ ትናንሽ ወፎች አብዛኞቹ የሚጓዙት በሌሊት ሲሆን፣ አቅጣጫቸውን የሚያውቁት በከዋክብትና በመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ነው። የከተማ ብርሃን ይስባቸዋል፤ ግራ ያጋባቸዋል፤ ዙሪያውን ሲሽከረከሩ አድረው ሲነጋ ደክመው መስታወት መካከል ያርፋሉ። በቺካጎ ከሐይቁ ዳር ባለው ማኮርሚክ ፕሌስ የተባለ የስብሰባ ማዕከል፣ በጥቅምት 2023 በአንድ ሌሊትና በማግሥቱ ጠዋት 1,000 የሚጠጉ ወፎች ሞተው ተገኙ። በቀጣዩ ዓመት መስኮቶቹ በጥቃቅን ነጥቦች በተሞላ ሽፋን ሲለበጡ በፍልሰት ወቅት የሚሞቱት ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ። እንዲህ ያለ ፈጣን ውጤት በተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ብዙ ጊዜ አይታይም።

መብራት ማጥፋትም የዚያኑ ያህል ፈጥኖ ይሠራል። በየዓመቱ መስከረም 11 በኒው ዮርክ ለ2001ዱ የሽብር ጥቃት መታሰቢያ ወደ ሰማይ የሚለቀቁት ሁለት ግዙፍ የብርሃን ዓምዶች፣ በሰባት ዓመታት ውስጥ በተጠኑ ሰባት ሌሊቶች 1.1 ሚሊዮን ያህል ወፎችን ከመንገዳቸው እንዳሳቱ በ2017 የወጣ ጥናት ገምቷል። መብራቱ ሲጠፋ ግን ወፎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ተበትነው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ዛሬ ታዛቢዎች ብርሃኑ ውስጥ የተከማቹትን ወፎች ይቆጥራሉ፤ 1,000 ሲደርሱ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጠፋል።

ከመስታወት ጋር ተጋጭታ የወደቀች ወፍ ብትገኝ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ማቆየት ይበቃል። ምግብም ውኃም አይሰጣትም። በተለይ ውኃ በአፍ ማንጠባጠብ ደግነት የሚመስል አደጋ ነው፦ የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው ከምላሷ ሥር በመሆኑ ጠብታው በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ካንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ካርቶኑን ደጅ ወስዶ መክፈት ነው፤ ከበረረች በረረች፤ ካልሆነ ባለሙያ ሊያያት ይገባል።

ድመት የነከሰቻት ወፍ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ቁስሉ ባይታይም እንኳ የድመት ጥርስ የሚያስገባው ባክቴሪያ ወፏን በቀናት ውስጥ ሊገድላት ስለሚችል ፈጥኖ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ድመቶች በዓመት ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን ወፎች እንደሚገድሉ የሚገልጽ የ2013 ግምት አለ፤ አብዛኛውን የሚገድሉት ባለቤት አልባዎቹ ናቸው። አንገት ላይ ቃጭል ማሰር ይረዳል፤ ድመቷን ቤት ማዋል ግን ከቃጭሉ ይበልጣል።

መሬት ላይ የሚፈናጠር፣ ላባው ያልሞላ፣ ጅራቱ አጭር ጫጩት ያየ ሰው ወላጅ አልባ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከወላጆቹ መለየት ነው። ጫጩቱ ጎጆውን የተወው መብረር ሊማር ነው፤ እናትና አባቱም ቅርብ ሆነው ይመግቡታል። ድመት ወይም መኪና ካለ ብቻ አጠገቡ ወዳለ ቁጥቋጦ ማንሳት ነው። ላባ ያልበቀለበት ቀይ ጫጩት ከሆነ ወደ ጎጆው ይመለስ። «ሰው የነካውን እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው እውነት አይደለም።

ወደ ጥሬውና ወደ ዳቦው ስንመለስ፣ ዳቦ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙ ወፎች አንድ ሳህን ላይ መሰብሰባቸው ነው። በብሪታንያ ከ2005 ጀምሮ አንድ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው የጉሮሮ በሽታ፣ በሰው እጅ በሚቀመጥ ምግብና ውኃ ዙሪያ እየተላለፈ ግሪንፊንች የተባለውን ወፍ ቁጥር ክፉኛ አመናምኖታል። መመገቢያውን በየጊዜው የማያጥብ ሰው ባይመግብ ይሻላል። ጥልቀት በሌለው ሳህን ውኃ ማስቀመጥና በየቀኑ መለወጥ ከምግቡ የሚበልጥ ውለታ ይመስለኛል።

የጎጆ ነገር ደግሞ ከሕንፃ አሠራር ጋር የተሳሰረ ነው። አሮጌ ሕንፃ ስንጥቅና ጣሪያ ሥር ክፍተት ነበረው፤ አዲሱ ተደፍኗል። ስዊፍት የተባሉት ወፎች ጫጩት የሚያሳድጉበት ወቅት ካልሆነ በቀር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል በአየር ላይ የሚኖሩ ሲሆን፣ ሲመለሱ የሚፈልጉት ያችኑ የአምናዋን ቀዳዳ ነው። በእንግሊዝ የብራይተን ከተማ ከ2020 ጀምሮ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው አዳዲስ ሕንፃዎች ለእነዚህ ወፎች የሚሆን ውስጠ ክፍት ጡብ እንዲኖራቸው ትጠይቃለች። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም፤ በኦቶማን ዘመን የኢስታንቡል ግንበኞች በመስጊድ ግድግዳ ላይ ለወፎች ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች ይቀርጹ ነበር።

ሳይታሰብ የተሠራም አለ። በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የኮንግረስ ጎዳና ድልድይ በ1980 ሲታደስ ከሥሩ የቀሩት ጠባብ ስንጥቆች ለሌሊት ወፎች ልክ ሆኑ። ነዋሪው መጀመሪያ ይጥፉልን ብሎ ነበር። ዛሬ በሞቃታማው ወቅት እስከ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ሲመሽ ሲወጡ ለማየት ሕዝብ ድልድዩ ላይ ይሰለፋል።

በምድር ለሚሄዱት ትልቁ ችግር አጥር ነው። በብሪታንያ አንዲት ትንሽ እሾሃማ እንስሳ፣ ሄጅሆግ፣ ሌሊቱን ከግቢ ግቢ እየዞረች ስለምትመገብ ጎረቤታሞች ከአጥራቸው ግርጌ 13 በ13 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ እንዲተዉላት ይመከራሉ። የአይጥ መርዝም በአይጥ አያበቃም፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ጉጉት መርዙን አብሮ ይውጣል። በ2023 ከኒው ዮርክ የእንስሳት ማቆያ አምልጦ ዓመት ያህል በከተማዋ የኖረው ፍላኮ የተባለ ጉጉት ከሕንፃ ጋር ተጋጭቶ ሲሞት በሰውነቱ ውስጥ ብዙ የአይጥ መርዝ ተገኝቷል።

እርግብ ላይ ሰው ሁሉ አስተያየት አለው። የስዊዘርላንድ ከተማ ባዝል ከ1988 እስከ 1992 ነዋሪው መመገቡን እንዲቀንስ በማስተማርና ክትትል የሚደረግባቸው የእርግብ ቤቶች በመሥራት ቁጥራቸውን በግማሽ ያህል ቀንሳለች፤ ለዓመታት ሲገደሉ ግን ቁጥራቸው አልቀነሰም ነበር። እግራቸው ጣት የጎደለው ደግሞ በአብዛኛው በክርና በፀጉር ተተብትቦ ነው። በፓሪስ የተደረገ አንድ ጥናት ፀጉር ቤቶች በበዙበት ሰፈር ጣት ያጡ እርግቦችም እንደሚበዙ አግኝቷል።

ክር በሕንድ ከተማ በደልሂም ብዙ ወፍ ይጥላል፤ ካይት የተባለውን በነፋስ የሚበር የወረቀት መጫወቻ ለማብረር የሚያገለግለው የመስታወት ዱቄት የተቀባ ክር የጭልፊቶችን ክንፍ እስከ አጥንት ይቆርጣል። ናዲም ሸህዛድና ሞሐመድ ሳኡድ የተባሉ ወንድማማቾች በልጅነታቸው የቆሰለ ጭልፊት ይዘው ወደ አንድ የአእዋፍ ሕክምና ቦታ ቢሄዱ ሥጋ በል ስለሆነ አልተቀበላቸውም። በኋላ ራሳቸው ማከም ጀመሩ፤ ስለ ጡንቻና ጅማት መጀመሪያ ያወቁት ሰውነት ሲያጎለምሱ ካነበቡት ነበር። እስከ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ጭልፊቶች በእጃቸው አልፈዋል።