የ24 ሰዓት ክብረ ወሰን ምንድን ነው? «በስንት ገባ?» የማይባልበት ሩጫ

የ24 ሰዓት ሩጫ ክብረ ወሰን በተነሳ ቁጥር «በስንት ሰዓት ገባ?» የሚል አይጠፋም። ይባስ ብሎ «ክብረ ወሰኑን በ20 ደቂቃ አሻሻለው» ብሎ የሚተነትንም ተገኝቷል። ወዳጄ፣ በዚህ ሩጫ የሚገባ ሰው የለም፤ የሚገባበት መስመርም የለም። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ተሰጥቷል፤ የሚለያየው ርቀቱ ነው። ግሪካዊው ያኒስ ኩሮስ እ.ኤ.አ. በ1997 በአውስትራሊያዋ አደላይድ ላይ 303.506 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሊትዌኒያዊው አሌክሳንደር ሶሮኪን በ2021 ወደ 309.399 አሳደገው፣ በ2022 ደግሞ በጣሊያኗ ቬሮና ላይ 319.614 አደረሰው። የመጨረሻው ማሻሻያ 10 ኪሎ ሜትር ከ215 ሜትር ነው እንጂ ደቂቃ የሚባል ነገር የለበትም።

ማራቶን የቁርጥ ሥራ ነው፤ የተሰጠውን የቦይ ርዝመት ቆፍሮ የጨረሰ ይሄዳል፣ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። የ24 ሰዓት ሩጫ ግን የቀን ሥራ ነው። ሁሉም እኩል ጀምሮ እኩል ያቆማል፤ በመጨረሻ የሚለካው የተቆፈረው ሜትር ነው። አካፋ ተቀምጦ ምሳ የተበላበት ሰዓት ከቀኑ አይቀነስም።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ «ያለ ማቋረጥ 24 ሰዓት መሮጥ ማለት ነው» ይባላል። ደንቡ እንደዚያ አይልም። መራመድ፣ መተኛት፣ ጫማ መቀየር ይቻላል፤ ከመም የወጣ በወጣበት ቦታ ይመለስ እንጂ ማንም አይከለክለውም። ሰዓቱ ግን አይቆምም። 240 ኪሎ ሜትር ያቀደ ሯጭ በአማካይ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መጨረስ አለበት። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከቆመ ደግሞ በቀረው 23 ሰዓት ለአንዱ ኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ (5፡45) ያስፈልገዋል። እሱ ሲቆም የእጅ ሰዓቱም ቆጠራውን እንዲያቆም አድርጎ «ፍጥነቴ 5፡45 ነበር» የሚል ሯጭ ዳኞች የማያውቁትን ሩጫ ነው የሚያወራው። በሶሮኪን ፍጥነት አንድ ደቂቃ መቆም 222 ሜትር ያስከፍላል። ለዚህ ነው ብርቱዎቹ ቁጭ ብለው የማይበሉት፤ በየ20 ደቂቃው ጥቂት እየጎረሱ ይቀጥላሉ። (ሳይቆሙ መመገብ ማለት ውሃ ብቻ መጋት አይደለም። በላብ ከሚወጣው በላይ ውሃ የጠጣ ሰው በደሙ ያለው ሶዲየም ወርዶ ራሱን ሊስትና ለሕይወቱ አስጊ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል።)

«የእጅ ሰዓቴ 244 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ዳኞቹ ግን 240 ብቻ ጻፉልኝ» የሚለው ቅሬታስ? በ400 ሜትር መም ርቀቱ የሚለካው ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ከዚያ መስመር አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ የሚሮጥ ሰው በየዙሩ 6.28 ሜትር ይጨምራል፤ በ600 ዙር ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር። ሮጦታል፣ አልተቆጠረለትም። ከቦዩ መስመር ውጭ የተቆፈረ አፈር ነው። ጂፒኤስ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ የራሱን ስህተት ያክልበታል። በመንገድ ላይ የሚሮጥ ከሆነ ዙሩ አስቀድሞ ርቀት ቆጣሪው በትክክል በተስተካከለ ብስክሌት ይለካል፤ እንዳያጥርም በኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ይጨመርበታል። ክብረ ወሰን የሚጸድቀው እንዲህ በተለካ ዙር ላይ ነው፤ የእጅ ሰዓት ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ እንደ 319.614 ያለ እስከ ሜትር የወረደ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሯጩ ላይ የሚታሰረው ዙር ቆጣሪ ቺፕ የሚቆጥረው ሙሉ ዙር ብቻ ነው። 24ኛው ሰዓት ሲሞላ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሯጩ በደረሰበት ቁጥሩ የተጻፈበትን ምልክት መሬት ላይ ያስቀምጣል። ዳኞች ከቆጠራው መስመር እስከዚያ ያለውን በመለኪያ ጎማ ለክተው ይደምሩታል። ከጥሩምባው በኋላ «ዙሩን ልጨርስ» ብሎ የሚሮጥ አለ፤ ምልክቱን ይዞ ከሄደ ደግሞ ለዳኞቹ የሚለኩትን አሳጣቸው።