የአንድ ሥዕል የማምረቻ ወጪ ምንድን ነው?

አንድን ሠዓሊ «ይሄ ሥዕል ስንት ፈጀ?» ብትሉት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ሸራና ቀለም የገዛበትን ብር ነው። ያውም በግምት። የማምረቻ ወጪ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሥራው ከተጀመረበት አንስቶ ገዢ እጅ እስኪገባ ድረስ የበላው ገንዘብና ጊዜ ሁሉ ነው።

ከሸራው እንጀምር። 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሥዕል ያንኑ ያህል ሸራ አይበቃም። ፍሬሙ ላይ ታጥፎ ለሚመታው ከየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲጨመር የሚቆረጠው 1.10 በ90 ይሆናል። የጥቅሉ ወርድ 1.50 ከሆነ ደግሞ በጎን 40 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ይተርፋል። ትንሽ ሥዕል ከወጣበት እሰየው። ካልወጣበት የእሱም ዋጋ የሚጻፈው እዚሁ ሥዕል ላይ ነው።

ቀለም የበለጠ ያስቸግራል፤ አንድ ቱቦ ለብዙ ሥራ ይውላልና። መላው ትንሽ የኩሽና ሚዛን ነው። ቱቦው ሥዕሉ ሲጀመርና ሲያልቅ ይመዘናል፣ የጎደለው ግራም በአንድ ግራም ዋጋ ይባዛል። ከዚያ የሸራ መቀቢያው፣ ቫርኒሹ፣ የተበላሸው ብሩሽ፣ የአናጺው፣ የታክሲው አለ። የስቱዲዮ ኪራይ በወሩ ውስጥ ለተሠሩት ሥዕሎች ይካፈላል።

የሠዓሊው ጊዜስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አናጺው ሲከፈለው ሠዓሊው ራሱን በነፃ ያሠራል። ለአንድ ቀን ሥራችሁ ዋጋ ቁረጡና ጻፉት።

አንድ ጥያቄ አለ፤ ቀለሙ በየትኛው ዋጋ ይታሰብ? ጥሩ የሚባለው ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ክፉኛ ወርዷል። ከዚያ በፊት የገዛችሁትን ቱቦ በድሮው ዋጋ አስባችሁ ሥዕሉን ከሸጣችሁ፣ ባገኛችሁት ብር ያንኑ ቱቦ መልሳችሁ መግዛት አትችሉም። በእኔ እምነት መታሰብ ያለበት ዛሬ ሱቅ ውስጥ በሚሸጥበት ዋጋ ነው።

ብዙዎች የሚከስሩት ግን ጋለሪ ላይ ነው። ቁሳቁሱ፣ ኪራዩና ጊዜያችሁ ተደምሮ 12,000 ብር መጣ እንበል። ጋለሪው ከሽያጩ 40 በመቶ ይወስዳል። ብዙ ሰው 12,000 ላይ 40 በመቶ ይጨምርና 16,800 ይለጥፋል። ጋለሪው 40 በመቶውን የሚያነሳው ግን ከ12,000ው ሳይሆን ከ16,800ው ነው። 6,720 ሲሄድ እጃችሁ ላይ 10,080 ይቀራል። ገና ሳታተርፉ 1,920 ብር ከኪሳችሁ ወጣ ማለት ነው። ለእናንተ የሚቀረው ከሽያጩ 60 በመቶ ስለሆነ ትክክለኛው ስሌት 12,000ን ለ0.6 ማካፈል ነው፤ 20,000 ይመጣል። ይህም ገና ወጪውን ብቻ የሚመልስ ዋጋ ነው፣ ትርፍ የለበትም።

ለመመዝገብ አንድ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥር ስጡ፣ ቁጥሩን ከሸራው ጀርባም ጻፉ፣ ደረሰኙን እዚያው ገጽ ላይ ለጥፉ። መጻፍ ግን በዚያው ቀን ነው። በወሩ መጨረሻ የታክሲውን ሒሳብ የሚያስታውስ ሰው የለም። ጀምራችሁ የተዋችሁት ሥዕልም ገጽ ይኑረው፤ ሸራውና ቀለሙ ተከፍሎባቸዋል፣ ወጪውም ለተሸጡት ሥዕሎች ይካፈላል።