«ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ»፦ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

አንዲት ጎረቤታችን አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። የቤታቸውን ካርታ ጉዳይ ይዘው አንድ መሥሪያ ቤት ሲመላለሱ ሁለት ወር አልፏቸዋል። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ ሌላ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ደግሞ ሌላ ቀን «ነገ ይመለሱ»። ባለፈው ከዚያው መጥተው ቡና ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ኤዲያ! ጽድቁ ቀርቶብኝ በወጉ በኮነነኝ» አሉ።

ልጃቸው ደነገጠች። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግል ልጅ ናት። «እማዬ! ክርስቲያን እንዴት ጽድቁ ይቅርብኝ ይላል?»

እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ፈጣሪን መቼ አልኩ? ሰውየውን ነው እንጂ!»

ሁላችንም ሳቅን። የልጅቷ ጥያቄ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

አባባሉ ሲፈታ ይኼው ነው። የተመኘሁት ትልቁ ነገር ይቅር፤ ትንሹን፣ የሚገባኝን እንኳ በሥርዓቱ ባገኘሁ። ውሃ በየቀኑ ይምጣልን ያለ የለም፤ በፈረቃችን ቀን በመጣ። ደመወዝ ይጨመር አላልንም፤ ያለችው በወሩ በገባች። «በመጣ»፣ «በገባች» ላይ ያለችውን «በ» ልብ በሉልኝ። «ምነው» የሚለው ምኞት ሁሉ እሷ ውስጥ ታምቋል። «በኮነነኝ» ላይም ያለችው እሷው ናት። አንዳንድ ሰው «በወጉ» በማለት ፈንታ «በቅጡ» ይላል፤ ትርጉሙ አይለወጥም።

ወደ ምንጩ እንሂድ። ቃላቱ ችሎት ችሎት ይሸታሉ። «ኰነነ» በግዕዝ ፈረደ፣ ቀጣ፣ ገዛ ማለት ነው። «መኮንን» የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ ነው። ድሮ ሹም ማለት ዳኛም ጭምር ነበርና ገዢውና ፈራጁ በአንድ ቃል ተጠሩ። «ጸደቀ» ደግሞ እውነተኛ ሆነ፣ በፍርድ ፊት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። መንግሥተ ሰማያት መግባት የሚለው ትርጉም ከዚህ ይከተላል፤ በመጨረሻው ችሎት የተረታ አልጸደቀም፣ የረታ ጸደቀ።

በነገራችን ላይ ችግኝም ይጸድቃል። የተከልናት ችግኝ ሥር ይዛ ስትለመልም «ጸደቀች» እንላለን። ከክረምቱ የተከላ ዘመቻ በኋላም «የጽድቀት መጠን» እየተባለ በመቶኛ ይነገርላታል። ከሁሉም ይህን አጠቃቀም እወደዋለሁ። ተነቅሎ በሌላ አፈር ላይ የወደቀ ነገር ሳይደርቅ ተረፈ ማለት አይደል?

የቤተ ክርስቲያኑና የችሎቱ ቃል እንዲህ የተዛመደው በአጋጣሚ አይደለም። አገሩ ለዘመናት የተዳኘበት ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው የሚናገሩት። የቀሩት 29ኙ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ቅጣት ናቸው። ነፍስም መሬትም በአንድ ጥራዝ! ሕዝቡም ቢሆን ሙግት ያውቅ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አላፊ መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉታል፤ በበላ ልበልሃ ይሟገታሉ። እንዲህ ያለ ሰው መረታትን ይችለዋል። የማይችለው ሳይሰሙት ሲፈርዱበት ነው። «ወግ» የምትለው ቃል አባባሉ ውስጥ የገባችው ለዚህ ይመስለኛል። ወግ ሥርዓት ነው፤ ሰውን እንደ ሰው መያዝም ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። እንዲህ ማለት ለክርስቲያን ነውር ነው?

እኔ አይመስለኝም። መጽሐፍ ቅዱስን ብትገልጡት ኩነኔው ሁሉ ወግ አለው። አዳም ከገነት ከመባረሩ በፊት «ወዴት ነህ?» ተብሎ ተጠይቋል፤ መልሱም ተሰምቷል። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲከራከር የያዘው ነጥብ የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን የሚል ነው። ማቴዎስ 25 ላይ በግራ የቆሙት እንኳ «ጌታ ሆይ፣ መቼ ተርበህ አየንህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ምክንያቱ ይነገራቸዋል። ማንም «ነገ ተመለሱ» አላላቸውም።

«ደግ ክርስቲያን ዝም ይላል፣ ይውጠዋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። አንዱን ጉንጭህን ሲመቱህ ሌላውን ስጥ ተብሏል ይላሉ። እውነት ነው፣ ተብሏል። ግን ያን ያለው ራሱ ጌታ በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሎሌው በጥፊ ሲመታው ምን አለ? ዮሐንስ 18፥23 ላይ አለ። ክፉ ተናግሬ እንደሆነ ስለ ክፉው መስክር፤ መልካም ከሆነ ግን ለምን ትመታኛለህ? አልተሳደበም፤ መልሶም አልመታም። ዝም ግን አላለም። በእኛ አማርኛ «በወጉ ኮንነኝ» ነው ያለው። እስከዚያች ጥቅስ ድረስ እኔም ደግነትን ከዝምታ ጋር አምታታው ነበር።

የበላኤ ሰብን ታሪክም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ጣና ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው ሥዕሉን ሳያየው አይቀርም። 78 ሰው የበላው ያ ሰው ስለ ማርያም ብሎ ለአንድ የተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ እመቤታችን በጥላዋ ውሃው ወዳለበት ወገን እንዲያጋድል አደረገችለት። «78 ነፍስ በጥርኝ ውሃ? ይኼማ ፍርድ አይደለም!» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሚዛኑ ነው። እንዲያ ያለ ጨካኝ እንኳ ሳይመዘን አልተጣለም። ያቺ አንዲት ጥርኝም ተቆጥራለታለች።

«የሚያጸድቀው እምነት ነው ወይስ ሥራ?» የሚለው ክርክር ለብቻው ነው። ኦርቶዶክሱ ያዕቆብ 2፥26ን፣ ፕሮቴስታንቱ ኤፌሶን 2፥8ን ይዞ ታክሲ ውስጥ ሲከራከር ስንት ፌርማታ አልፏል። አባባላችን እዚያ ውስጥ አይገባም። እሱ የሚያወራው ከጽድቅ በታች ስላለው ነገር ነው። ለማኙን ባትመጸውተው እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» በለው። ባለጉዳዩን እምቢ ስትል አስቀምጠህ፣ ምክንያቱን ነግረህ እምቢ በለው። ይህ ቸርነት አይባልም። ቸርነት ያለዚህ ሲመጣ ግን እኔ አላምነውም።

ባለፈው ማክሰኞ እማማ ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ተሳካ እንዴ?» አልኳቸው። የለም፣ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። አንዲት ወጣት ሠራተኛ አስቀምጣቸው ሰነዱን ገጽ በገጽ አሳይታቸዋለች። የጎደለውን ነግራቸዋለች። ውድቅ የሆነበትንም ምክንያት ጽፋ፣ ማህተም አስመትታ ሰጥታቸዋለች። ደብዳቤውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ዘረጉልኝ።

«ይኸው ኮነኑኝ!» አሉ እየሳቁ። «በል ይግባኙን ጻፍልኝ።»