የፓርቲኒየም አረም ክትትል በአዲስ አበባ መሃል

ፓርቲኒየም ከአሜሪካ ሞቃታማ አካባቢዎች የመጣ መጤ አረም ነው። ሐረርጌ ላይ «ፈረምሲሳ»፣ ወሎ ላይ «ቅንጨ» ይሉታል። የዜጎች ሳይንስ የሚባለው አሠራር ደግሞ ነዋሪው አረሙን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ከነቦታው የሚመዘግብበት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ኢትዮጵያ አገባቡ ያከራክራል። ብዙዎች ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ይላሉ፤ ወሎ ውስጥ እህል በሚታደልባቸው ጣቢያዎች ዙሪያ መታየቱ ይህን ያጠናክራል። በ1977–78ቱ የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በወታደር መኪና ጎማ መጣ የሚሉም አሉ። በ1980ዎቹ ድሬዳዋና ሐረርጌ ላይ በደንብ ታወቀ። ከዚያ በየመንገዱ ዳር ተዛመተ።

ከተማ ውስጥ የተቆፈረ አፈር ይመቸዋል። ገረጋንቲና አሸዋ ከቆላ ተጭኖ ሲመጣ ዘሩም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በፒያሳና በአራት ኪሎ የግንባታ አጥር ሥር፣ በቀበናና በግንፍሌ ወንዝ ዳር ማየት ይበጃል።

ችግሩ መለየቱ ላይ ነው። ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉ ከአሪቲ ጋር ያምታታል። አሪቲን አሽቶ በጠረኑ መለየት ይቻላል፤ ፓርቲኒየምን ግን ማሸት አይገባም፣ ቆዳ ያሳክካል፣ አስምም ይቀሰቅሳል። ሲያብብ ይቀላል፦ አበባው ነጭና ጥቃቅን፣ ዙሪያው አምስት ማዕዘን ያለው ነው። ግንዱ ላይ ቁልቁል የወረዱ መስመሮች አሉ። ጥሩ ፎቶ ሦስቱንም ማሳየት አለበት፦ ቅጠል፣ አበባ፣ ግንድ።

ፎቶው በ2008 በተጀመረው አይናቹራሊስት በሚባለው የተፈጥሮ መመዝገቢያ አፕ ላይ ሲጫን ሌሎች ተጠቃሚዎች ስሙን ያረጋግጣሉ። የመጨረሻው ዳኛ ግን የደረቀው ናሙና ነው። እሱ ደግሞ ያለው እዚሁ አራት ኪሎ፣ በ1959 በተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መድበል ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው በዚሁ አንጋፋ ቤት ነው። አፕ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ናሙናው ይቀመጣል።

በ2016 ቅጠሉን የምትበላ ጥንዚዛ ወለንጪቲ አካባቢ ተለቃለች። መሃል ከተማ ላይ ዋናው መሣሪያ ጓንት ነው። አንድ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል፣ ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ፣ ሳያብብ ከነሥሩ ይነቀላል። ካበበ አፍንጫን መሸፈን፣ በከረጢት አሥሮ ማውጣት ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ዘር መዝራት ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ያው ቦታ በየክረምቱ እንደገና ፎቶ ይነሳል፤ ባዶ ሆኖ ቢገኝም።