የግብጽ የመቃብር ድንጋይ አይራገምም፤ «አንብቡልኝ» ይላል

ሙዚየም ውስጥ አንድ የጥንት ግብጽ የመቃብር ድንጋይ ፊት ቆሜ ጽሑፉን ላነብ ስል፣ ከጎብኚዎች መካከል «ጮክ ብለው አያንብቡት፣ እርግማን አለበት» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን መስማት በእጅጉ ሰልችቶኛል።

ወሬው የተዛመተው የጥንቱ የግብጽ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ከተገኘ በኋላ ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ የቁፋሮውን ወጪ የቻለው ሎርድ ካርናርቮን በቢምቢ ንክሻ ሰበብ በተመረዘ ቁስል በ1923 ሞተ፤ የቀረውን ጋዜጦች ጨመሩበት። መቃብሩን ያገኘው ሃዋርድ ካርተር ግን እስከ 1939 ኖሯል። በደጃፉ ተቀርጿል የተባለው እርግማንም ፈጽሞ አልተገኘም።

ድንጋዮቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው። «በምድር ላይ ያላችሁ፣ በዚህ መቃብር የምታልፉ ሆይ» ብለው ይጣራሉ፤ ለሟቹ ሺህ ዳቦ፣ ሺህ ቢራ፣ ሺህ በሬ፣ ሺህ ወፍ ይቅረብለት ብላችሁ ተናገሩ ይላሉ። «ካ» የሚሉት የሰውየው ሕያው ኃይል ከሞት በኋላም ምግብ ይሻል። ምግቡን የሚያቀርበው ልጅ ሲሞት፣ የልጅ ልጅ ሲረሳ ዳቦው ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ የመንገደኛው ቃል በዳቦው ፈንታ ይቀርባል። አንዳንዱማ «ከአፋችሁ ትንፋሽ በቀር ምንም አትከስሩም» እያለ ይለምናል። እንዲህ የሚማጸንን ሰው ፈርቶ ዝም ማለት በደል ነው።

ማስፈራሪያ የተጻፈባቸው መቃብሮች የሉም አልልም። አስዋን በሚገኘው የጥንቱ ባለሥልጣን የሃርኩፍ መቃብር «አንገቱን እንደ ወፍ አንቄ እይዘዋለሁ» የሚል አለ፤ የተነገረው ግን ሳይነጻ ለሚገባ ሰው እንጂ ለአንባቢ አይደለም።

«ድንጋዩ አስከሬኑን ይሸፍናል» ለሚሉም፦ አስከሬኑ ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ድንጋዩ የሚቆመው ቤተሰብ መሥዋዕት ይዞ በሚመጣበት ክፍል ነው። በአቢዶስ ከተማ ደግሞ ሌላ ቦታ የተቀበሩ ሰዎች ጭምር ከሙታን አምላክ ከኦሲሪስ በዓል ለመካፈል ድንጋይ አቁመዋል።

«ጽሑፉ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል» ስህተት ነው፤ በፊደልነት የተሳሉት ወፎችና ሰዎች ፊታቸውን ካዞሩበት በኩል ጀምሩ።

«ድሮም ቀለም አልነበረውም» የሚል ሰው ፓሪስ ሉቭር ሄዶ የልዕልት ነፈርቲያቤትን ድንጋይ ይመልከት። የንጉሥ ኩፉ ዘመን ሥራ ነው፤ ጥንት በግንብ ተደፍኖ ስለቆየ የለበሰችው የነብር ቆዳ ነጠብጣብ ሳይቀር ይታያል። ከፊቷ ባለው ገበታ ላይ የቆሙት ረጃጅም ነገሮች ላባ አይደሉም፤ የተቆረጠ ዳቦ ነው።

ስትሄዱ አስቀድማችሁ ያንን ገበታ ፈልጉ። ፊደሉን ባታውቁም በማብራሪያው ሰሌዳ ላይ ያለውን የሟቹን ስም በድምፅ ጥሩት። ድንጋዩን ግን አትንኩ፤ የእጅ ላብና ቅባት የተረፈውን ቀለም ይጎዳል።