ጃቲሉዊህ፦ በውሃ ስምምነት የቆመ የባሊ ገበሬዎች መንደር

ጃቲሉዊህ በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት የሚገኝ የሩዝ ገበሬዎች መንደር ነው። በታባናን አውራጃ፣ በፔኔበል ወረዳ ውስጥ ነው ያለው። የተቀመጠው ባቱካሩ በሚባለው ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ነው። ተራራው 2,276 ሜትር ይደርሳል። የመንደሩ ማሳዎች ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ታች የባሕሩ ዳር በወበቅ ሲጨነቅ እዚህ ነፋሻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከተራራው ወርዶ እርከኖቹን ይሸፍናቸዋል።

ባሊ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አሸዋና ሆቴል ነው። አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚዎች ደሴቷን ረግጠዋል፤ አብዛኞቹም የሚያርፉት በደቡቡ ዳርቻ ነው። ታባናን ግን የደሴቷ የሩዝ ጎተራ ተብላ የምትታወቅ አውራጃ ናት። ጃቲሉዊህም ከዚህ አውራጃ መንደሮች ሁሉ ስሙ በዓለም የገነነው ነው። ስሙን ያስጠራው የእርከኖቹ ውበት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከውበቱ ጀርባ ያለው ነገር ነው፦ ገበሬዎቹ ውሃን እንዴት እንደሚካፈሉ። እርከኑ ያማረው ለመታየት ተብሎ አይደለም። ውሃ ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው ሳይባክን እንዲወርድ ሲባል በትውልዶች እጅ የተቆረጠ መሬት ነው።

የመንደሩ የሩዝ መሬት 300 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ገበሬ የሚደርሰው ማሳ ትንሽ ነው፤ የብዙዎቹ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። በባሊ ልማድ መሬት የሚወረሰው በወንድ ልጆች በኩል ስለሆነ በየትውልዱ እየተሸነሸነ ይሄዳል። የራሱ መሬት የሌለው ደግሞ የሌላ ሰው ማሳ አርሶ ምርቱን ይካፈላል። ከሩዙ ሌላ በማሳው ዳርና ከመንደሩ በላይ ባለው መሬት ቡና፣ ካካዋ፣ ኮኮናትና ሙዝ ይበቅላል። ላምና በሬ፣ አሳማ፣ ዶሮና ዳክዬ ይረባል። ዳክዬዎቹ አጨዳ ሲያልቅ ወደ ማሳው ይለቀቁና የወደቀውን እህልና ነፍሳቱን ይለቅማሉ።

የዚህ ሁሉ ሞተር ሱባክ የሚባለው ማኅበር ነው። ሱባክ ከአንድ የውሃ ምንጭ የሚጠጡ ማሳዎች ባለቤቶች ማኅበር ነው። አባልነቱ በመኖሪያ አይወሰንም፣ በውሃው ነው። ሌላ መንደር የሚኖር ሰው ማሳው ከዚህ ቦይ የሚጠጣ ከሆነ የዚህ ሱባክ አባል ነው። በባሊ ስለ መስኖና ስለ ሩዝ እርሻ የሚናገሩ ጽሑፎች ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይገኛሉ። ሱባክ የሚለው ስም ራሱ ደግሞ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ላይ ሰፍሯል። ነገሥታት መጥተው ሄደዋል። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. በ1906 የታባናንን ንጉሣዊ ግዛት ያዙ። ከዚያ ነፃነት መጣ። ሱባኩ ግን ቦዩን እየጠረገ ቀጠለ።

የሱባኩ መሪ ፔካሴህ ይባላል። በእኛ አገር ባህላዊ መስኖ ባለበት አካባቢ ‘የውሃ አባት’ የሚባለውን ሰው የሚያውቅ አንባቢ የፔካሴህ ሥራ ወዲያው ይገባዋል። የሚመርጡት ገበሬዎቹ ናቸው። ቦይ መቼ እንደሚጠረግ፣ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ፣ ዘር መቼ እንደሚወርድ በስብሰባ ይወሰናል፤ እሱ ያስፈጽማል። ጠብ ሲነሳ ያስታርቃል። ሱባኩ ቴምፔክ በሚባሉ ንዑስ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ በጃቲሉዊህ ሰባት ቴምፔኮች አሉ። ሁሉም የሚተዳደሩበት አዊግ-አዊግ የሚባል ደንብ አለ። ውሃ የሰረቀ፣ ከቦይ ጠረጋ የቀረ፣ ሰው ሁሉ ሳይጀምር ቀድሞ የተከለ በዚህ ደንብ ይቀጣል።

አከፋፈሉን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ውሃው ከወንዝ ወይም ከምንጭ በትንሽ ግድብ ይጠለፋል። ከዚያ በቦይ፣ አንዳንዴም ኮረብታ ሰንጥቆ በሚያልፍ ዋሻ ይመጣል። የባሊ ሰዎች እነዚህን ዋሻዎች በእጅ ሲቆፍሩ የኖሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው። ቦዩ በሚከፈልበት ቦታ ላይ ጥርስ የወጣለት ግንድ ይጋደማል፤ ዛሬ ዛሬ በሲሚንቶ የተሠራም አለ። የጥርሱ ስፋት የእያንዳንዱ ወገን ድርሻ ነው። ውሃ ሲበዛ ለሁሉም ይበዛል፣ ሲያንስም ለሁሉም ያንሳል። መለኪያው በአደባባይ የተቀመጠ ስለሆነ ማንም አልፎ ሲሄድ ሊያየው ይችላል። ጥርሱን በሌሊት ያሰፋ ሰው ጠዋት ላይ ይታወቅበታል።

የባሊ ሕዝብ በብዛት ሂንዱ ነው። ከግድቡ አጠገብ፣ ከማሳው ጥግ፣ ከምንጩ ራስ ላይ የአምልኮ ሥፍራ አለ። አብዛኛው ሙስሊም በሆነበት አገር ውስጥ የባሊ ሂንዱነት የራሱ መልክ አለው፤ ከእርሻውም ሊነጠል አይችልም። ትሪ ሂታ ካራና የሚባለው አስተሳሰብ ሰው ከአምላክ ጋር፣ ከሰው ጋርና ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር አለበት ይላል። ሱባኩ ይህን በተግባር ያሳያል። ውሃው ከባቱካሩ ደን ይመነጫል፤ ተራራውም የተቀደሰ ነው። ከጃቲሉዊህ በላይ ጫካው ጥግ ላይ ያለው የፔታሊ ቤተ መቅደስ ተራራውን ከሚያከብሩት መቅደሶች አንዱ ነው። ደኑ ባይከበር ቦዩ ይደርቅ እንደነበር ገበሬው ያውቀዋል።

ሩዙ ራሱ ሕይወት እንዳለው ሰው በሥርዓት ይሸኛል፣ በሥርዓት ይቀበሉታል። ወቅቱ ሲጀመር የውሃ መቀበያ ሥርዓት ይደረጋል። ዘር ሲፈስ፣ ችግኝ ሲተከል፣ ሩዙ እሸት ሊይዝ ሲያረግዝ፣ ሲታጨድ፣ ጎተራ ሲገባ ለእያንዳንዱ የራሱ መሥዋዕት አለው። እርጉዙ ሩዝ የሚከበርበት ሥርዓት ቢዩኩኩንግ ይባላል። ክብሩ የሚሰጠው የሩዝ አምላክ ለሆነችው ለደዊ ስሪ ነው። ከኮኮናት ቅጠል፣ ከአበባና ከሩዝ የሚሠሩትን መሥዋዕቶች በብዛት የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ በዓል በቀረበ ቁጥር ቀናት ይወስዳል።

ጃቲሉዊህን ከሌላው ባሊ የሚለየው አሁንም የድሮውን የባሊ ሩዝ መትከሉ ነው። በተለይ ቀዩ ሩዝ ስመ ጥር ነው። አገዳው ረጅም ነው፤ ቁመቱ የሰው ወገብ ያልፋል። እስኪደርስ አምስት ስድስት ወር ይፈጃል። ዘመናዊዎቹ ዝርያዎች ግን በሦስት ወር ከምናምን ይታጨዳሉ። ስለዚህ ልማዱ እንዲህ ነው፦ በጥር ገደማ የአገሩን ሩዝ ይተክላሉ፣ በሰኔና በሐምሌ ያጭዳሉ። ቀጥሎ ቶሎ የሚደርሰውን ዝርያ ይተክላሉ። የአገሩ ሩዝ ባህላዊ አጨዳ በማጭድ አይደለም። አኒ-አኒ በምትባል በመዳፍ ውስጥ በምትያዝ ትንሽ ስለት ዛላው አንድ በአንድ ይቆረጣል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ወደ ቆመ ጎተራ ይገባል። ቀዩ ሩዝ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል፤ ጣዕሙ ግን ደረቅ ለውዝ ለውዝ ይላል። ቆልተው በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው እንደ ሻይም ይጠጡታል። በመንደሩ ምግብ ቤቶች ሁሉ ይገኛል።

ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚተክሉበት ምክንያት ደግሞ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሰፊ መሬት በአንድ ጊዜ ታጭዶ ባዶውን ሲቀር ተባይና አይጥ የሚበሉትና የሚጠለሉበት ያጣሉ። ማሳዎቹ በየተራ ቢዘሩ ኖሮ ተባዩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ዓመቱን ሙሉ ይራባ ነበር። ችግሩ ሁሉም በአንድ ቀን ውሃ ከፈለገ ውሃው አይበቃም። እንግዲህ ጥበቡ ያለው ምን ያህል መሬት አብሮ ይተከል፣ የትኛውስ ይዘግይ የሚለውን በመወሰን ላይ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ስቲቨን ላንሲንግ ባሊ ውስጥ ለዓመታት ያጠናው ይህንን ነው። ከሥነ ምህዳር ባለሙያው ጄምስ ክሬመር ጋር በኮምፒውተር ሞዴል ሲፈትሹት ገበሬዎቹ ሱባኮች የተከላና የውሃ ጊዜያቸውን በሚስማሙባቸው መቅደሶች በኩል የሚያደርጉት ቅንጅት ለምርት ከሁሉ የተሻለ ወደሚባለው መጠን እንደሚቀርብ አሳዩ። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። ላይ ያለው ገበሬ ውሃ ቀድሞ ስለሚያገኝ ታች ላለው ደንታ ላይኖረው ይችል ነበር። ነገር ግን ታችኛው ውሃ አጥቶ ከዘገየ ተባዩ ወደ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ለጎረቤት ውሃ መልቀቅ የራስን ሰብል መጠበቅ ነው።

ይህ የተረጋገጠው በመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአረንጓዴው አብዮት ባሊ ደረሰ። መንግሥት ገበሬው ፈጣኑን ዝርያ እንዲዘራ፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ እንዲጠቀም፣ በተቻለ ፍጥነት ደጋግሞ እንዲተክል ገፋፋ። የመቅደሶቹ የውሃ መርሐ ግብር ወደ ጎን ተባለ። መጀመሪያ ምርቱ ጨመረ። ብዙ ሳይቆይ ግን ውሃ ተዘበራረቀ፣ ቡናማው የሩዝ ነፍሳት ማሳውን ወረረው። ኬሚካል ሲጨመር የነፍሳቱ ጠላቶች ቀድመው አለቁ። በእስያ ልማት ባንክ ብድር የተሠራው የባሊ መስኖ ፕሮጀክትም ቢሆን የሱባክን አሠራር ከቁም ነገር ሳይቆጥር ነበር የጀመረው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1984 በሩዝ ራሷን ቻለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ 57 ዓይነት ፀረ ተባዮችን በሩዝ ላይ እንዳይረጩ አገደች። ሁለቱ ክስተቶች የተለያዩት በሁለት ዓመት ብቻ ነው። የባሊ ገበሬዎችም ወደ ጥንቱ መርሐ ግብራቸው ተመለሱ። ጃቲሉዊህ የአገሩን ሩዝ ሙሉ ለሙሉ ሳይተው መቆየቱ ዛሬ ትልቅ ሀብት ሆኖለታል።

የመንደሩ አስተዳደር ሁለት ፊት አለው። አንዱ የመንግሥት ነው፤ መታወቂያ፣ መንገድና በጀት በእሱ በኩል ያልፋል። ሌላው የባህል መንደሩ ነው፤ መቅደስን፣ ቀብርና አስከሬን ማቃጠልን፣ በዓላትን ይመለከታል። ከሁለቱም ሥር ባንጃር የሚባል የሰፈር ማኅበር አለ። ሱባኩ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፣ የራሱ ስብሰባና የራሱ ገንዘብ ያለው ነው። አንድ ገበሬ በሁሉም ቦታ አባል ነው፣ በሁሉም ቦታ ግዴታ አለበት።

ዩኔስኮ የባሊን የሱባክ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ምዝገባው 19,500 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን የባቱር ሐይቅንና መቅደሱን፣ የፓከሪሳን ወንዝ ተፋሰስን፣ የታማን አዩን ንጉሣዊ ቤተ መቅደስንና ጃቲሉዊህ የሚገኝበትን የባቱካሩ አካባቢ ያካትታል። የኮንሶ የእርከን መልክዓ ምድር የተመዘገበው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ጃቲሉዊህን ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ መደበው።

ክብሩ ገንዘብ አምጥቷል፤ የመግቢያ ክፍያ አለ፣ ምግብ ቤቶችና ማረፊያዎች ተከፍተዋል። ጣጣም አምጥቷል። ማሳ ዳር ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ካፌ ከቦዩና ከእርከኑ ላይ ቦታ ይወስዳል። የመሬት ዋጋ ይወደዳል። ጎብኚው ሊያየው የመጣውን እርከን ጠብቆ የሚያቆየው ጭቃ ውስጥ የሚውለው ገበሬ ነው፤ ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ግን ሁልጊዜ እሱ አይደለም። በእኔ አመለካከት የጉዳዩ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ኢንዶኔዥያ የእርሻ መሬትን የሚጠብቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥታለች። የባሊ ክፍለ ሀገርም እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሱባክ የራሱን ደንብ አጽድቋል። ሕግ ግን ወጣቱን ማሳ ላይ አያቆየውም። የገበሬ ልጅ በስልኩ የሆቴል ሥራ ሲፈልግ፣ ወይም በመርከብ ላይ ለመሥራት ሲሄድ፣ ጥርስ ያለውን ግንድ የሚጠግን፣ ዋሻውን የሚጠርግ እጅ ይጎድላል። ሱባክ የሚኖረው አባላቱ ሲገኙ ነው። ገበሬው ከማሳው የሚያገኘው ገቢ ከሆቴል ደመወዝ ጋር መወዳደር እስካልቻለ ድረስ ቅርሱ በወረቀት ብቻ ተጠብቆ ሊቀር ይችላል።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ከባሊ ዋና ከተማ ከደንፓሳር በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የሕዝብ ትራንስፖርት ላይ መተማመን ያዳግታል፣ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል መከራየት ይሻላል። የአገሩ ሩዝ ወርቃማ ሆኖ የሚታየው አጨዳው ከመድረሱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ ነው። በጥርና በየካቲት ማሳው ውሃ ይዞ ሰማዩን ያሳያል፤ ዝናቡ ግን ይጠናል። ብዙ ጊዜ በመጋቢት የሚውለው ኜፒ የሚባለው የጸጥታ ቀን ከደረሰ ማንም ከቤት አይወጣም፣ የደሴቷ አየር ማረፊያም ይዘጋል። በእርከኖቹ መካከል ምልክት የተደረገባቸው የእግር መንገዶች አሉ። የማሳው ግድብ ላይ ሲራመዱ ጠርዙን አለመናድ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠውን መሥዋዕት አለመርገጥ ያስፈልጋል። ቀይ ሩዝ የሚገዙ ከሆነም ከገበሬው ቤት ይግዙ።