«ዋይፋይ ከሌለ መኪናው አይሞላም» እና ስለ ቤት ቻርጀር የሚወሩ ሌሎች ስሕተቶች

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ እኛ ጅማ ሂርማታ ሰፈርም ግድግዳቸው ላይ የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ቻርጀር የሰቀሉ ሰዎች አሉ። የሚያስጨንቃቸው ግን ከመኪናው ይልቅ ዋይፋዩ ነው። ሰሞኑን የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ዋይፋይ ከሌለ መኪናው አይሞላም»

ይሞላል። ቻርጀሩና መኪናው የሚነጋገሩት በራሱ በመሙያው ገመድ ውስጥ ባለች ቀጭን ሽቦ ነው፤ ስንት አምፔር መውሰድ እንደሚቻል ቻርጀሩ ለመኪናው የሚነግረው በእርሷ ነው። ዋይፋዩ የሚጠቅመው የመሙያ ሰዓት ለመቅጠር፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ በስልክ ለማየትና ሶፍትዌሩን ለማደስ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ኢንተርኔት እስኪገባላቸው ቻርጀሩን ሦስት ሳምንት በካርቶኑ አስቀምጠውት ነበር። «ታዲያ ልጄ፣ በየቀኑ ሌላ ቦታ ወረፋ የጠበቅሁት በከንቱ ነዋ!» አሉኝ።

«ኢንተርኔቱ ሲፈጥን መኪናው ቶሎ ይሞላል»

አይገናኙም። ፍጥነቱን የሚወስኑት የቤቱ ሽቦ፣ ብሬከሩና መኪናው ውስጥ ያለው መሙያ ናቸው። 32 አምፔር በ220 ቮልት 7 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በዚህ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበታል።

«ስልኬ እዚያ ቦታ ዋይፋዩን ከያዘ ቻርጀሩም ይይዛል»

ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የቤት ቻርጀሮች የሚይዙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። አዳዲስ ራውተሮች ግን 5 ጊጋኸርዝም ይለቃሉ፤ ስልኩ በ5ቱ ተያይዞ ደስ ይለዋል፣ ቻርጀሩ ግን ያንን ጭራሹኑ አያየውም። ራውተሩ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ስም መስጠት፣ ካልሆነም ምዝገባው (ቻርጀሩን በስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ማስተዋወቁ) እስኪያልቅ 5ቱን ማጥፋት ይበቃል።

የሐጂ ችግር ግን ሌላም ነበረው። ራውተራቸው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ኋላ ተደብቋል፤ ቻርጀሩ ከብረት በሩ አጠገብ ነው፤ መካከል ላይ ሁለት የብሎኬት ግድግዳና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። ብረትና ቆርቆሮ ደግሞ የዋይፋይ ጠላቶች ናቸው። ስልኬን ቻርጀሩ ላይ አስጠግቼ ብይዘው የምልክቱ መስመር ወደ አንድ ወረደ። ራውተሩን ወደ መስኮቱ ብናወጣው ጊዜ ተሻለ።

ያም ሆኖ አልተመዘገበም። ቻርጀሩ ሲመዘገብ የራሱን ዋይፋይ ይለቃል፤ ስልኩ እርሱን ይይዝና «ይህ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ሳያማክር ወደ ሞባይል ዳታ ይመለሳል። ሞባይል ዳታውን አጠፋን፣ ወዲያው ያዘ። (የይለፍ ቃሉንም ሁለት ጊዜ ተሳስተን ነበር፤ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል።)

«ቀይ መብራት ከበራ ኔትወርክ ጠፍቷል ማለት ነው»

ይህኛው አደገኛ ነው። የቀለሙ ትርጉም ከመመሪያው ጋር ይታያል እንጂ በግምት አይወሰድም። ብዙ ቻርጀሮች የመሬት ሽቦ በትክክል ካልተሠራ ቀይ አብርተው አንሞላም ይላሉ፤ ይህም ሰው በኤሌክትሪክ እንዳይያዝ ነው። ራውተሩን እያጠፉ ማብራት መፍትሔ አይሆንም። «ዝም በለው፣ መከላከያውን አልፈን እናያይዘዋለን» የሚል ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት፤ ሽቦውን አታስነኩት።

«መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደገና መመዝገብ አለበት»

የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃሉ ቻርጀሩ ውስጥ ተቀምጠው ይቆያሉ። መብራት ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስድበታል፤ ቻርጀሩ ቀድሞ ከነቃ ለጊዜው «አልተገናኘም» ይላል። ሐጂ ባለፈው ማታ ይህን አይተው ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ሊሰርዙት ሲሉ ደወሉልኝ። «አንድ ስኒ ቡና ይጠጡና ይዩት» አልኳቸው። ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርሱ ተያያዘ።